ሻይ የሚያመጣው መልስ ያጣ ነው

ፐርሲ ብራምዌል ቆቡን የሚያወልቀው ሬሳ ሲያልፍ ብቻ ነበር። ዝናብ ቢወርድ፣ ፀሐይ ቢከር፣ ንግሥቲቱ ዘውድ በጫነችበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ባንዲራ ይዞ ሲጨፍር እንኳ ያቺ ግራጫ ቆብ ከአናቱ አልወረደችም። የሬሳ መኪና በገበያው ጫፍ ብቅ ሲል ግን ሚዛን ላይ ያለውን ድንች እንዳለ ይተውና ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዛታል። መኪናው እስኪሰወር ትንፍሽ አይልም። ከዚያ መልሶ ይደፋትና «ከኔ ድንች ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በእግሩ ይሄድ ነበር» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

የቆቡን ነገር ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሱን የማያውቅ ሰው የኔን ጥፋት አይረዳውም። ስለዚያ ቀን ሰዎች ሲጠይቁኝ «ቀልድ መስሎኝ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ስሜ ሂልዳ ፓስክ ነው። ለንደን፣ ዴፕፎርድ ገበያ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንቁላል ሸጫለሁ። ባሌ ሮን በጦርነቱ ጊዜ ከነመርከቡ ባሕር ውስጥ ሲቀር፣ የእናቱን መደብ እኔ ተረከብኩ። ከጎኔ ያለው የድንችና የሽንኩርት መደብ የፐርሲ ነበር። በመካከላችን ከአንድ ጣውላ በቀር ምንም አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ጧት እንቁላሎቼን ገለባ ላይ ስደረድር ሰው ሁሉ አጠገቤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ባል የሞተባት ሴት ናትና እንዳትሰበር ብለው ነው። ይኸኛው ባለ ቆብ ሰውዬ ግን በጣውላው ላይ አንገቱን አስግጎ እንቁላሎቼን በጥሞና ሲመረምር ቆየና «እመቤቲቱ፣ እነዚህን የጣለችው ዶሮ እስካሁን ጡረታ አልወጣችም?» አለኝ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ያንተን ድንች የዘራው አዳም ጡረታ ሲወጣ አብራው ትወጣለች» አልኩት።

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሮን ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው የራሴን ሳቅ የሰማሁት፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ ሁሉ አይቻለሁ። ፐርሲ ለዚያ ውለታው ከኔ ምን እንዳገኘ ስትሰሙ ታፍሩብኛላችሁ።

የረድፋችን ሕግ ቀላል ነበር። ሁለት ሰው ሲተራረብ መልስ ያጣው ሻይ ያመጣል። ዳኛው ዓሣ ሻጩ ዳድሊ ነው። አንዱ ከተናገረ በኋላ ዳድሊ በቢላዋው ጀርባ ጣውላውን አምስት ጊዜ ቀስ እያለ ይመታል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ… አምስተኛው ሳይሰማ መልስ ካልመጣ አለቀ። የተረታው ሰው ጥግ ካለው ከሚስስ ቶድ ሻይ ቤት ሻይ ያመጣና ለረቺው በእጁ ያቀብላል። ረቺውም ሰው እያየው ይጠጣል። ኩርፊያ የለም። ልጁ የታመመበት፣ ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው በተረብ አይነካም። ያን ቀን የሚጠሩት በስሙ ብቻ ነው፤ በስምህ ብቻ ከተጠራህ አዝነውልሃል ማለት ነው።

ዘውዱ በተጫነ ዕለት ነው ፐርሲ የጋብቻውን ነገር የጀመረው። «ዛሬ አገር ሁሉ ንግሥት አገኘ። እኔስ እመቤቲቱ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ዘውድህን እጠባት» አልኩት ቆቡን እያየሁ። ሻዩን እሱ አመጣ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት የገበያው ደወል ሆነ። መደቡን እንደከፈተ፣ ገና ሽንኩርቱን ሳያወርድ ይጮሃል።

«እመቤቲቱ! ዛሬስ አታገቢኝም?»

«ሽንኩርት ሳትሸት የመጣህ ቀን።»

«ሽንኩርቱን ከተውኩት በምን አስለቅስሻለሁ?»

«ፊትህ ይበቃል።»

በሌላው ቀን ደግሞ፣ «ዛሬስ?» ሲለኝ «አትረብሸኝ፣ እንቁላል እየቆጠርኩ ነው። ሞኝ መቁጠር ስጀምር ካንተ እጀምራለሁ» እለዋለሁ። እሱም «ቢያንስ በአንድ ነገር አንደኛ ነኝ» ይላል። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት። እሑድ ገበያ የለም። እሑድ ቀኑ አይገፋልኝም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን የቃሉን ነገር ልንገራችሁ። ሚስ ላቬል የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ዘወትር ዓርብ ሦስት እንቁላልና አንድ ሽንኩርት ይገዙ ነበር። አንድ ሽንኩርት! ፐርሲ በየሳምንቱ «ዛሬም እንግዳ በዛብዎት?» ይላቸዋል፤ እሳቸው ሳቃቸውን በጓንታቸው ይሸፍናሉ። አንድ ዓርብ ሽንኩርቷን እያቀበላቸው ጠየቃቸው።

«መምህርት፣ እኔና ይህቺ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ የምንወራወረው ተረብ ስሙ ባንተር ነው አይደል? ይኼ ቃል ግን ከየት መጣ?»

ሚስ ላቬል የማያውቁት ነገር ሲጠየቁ ፊታቸው የሚቀላ ሴት ነበሩ። «ለሚቀጥለው ዓርብ አመጣልሃለሁ» ብለው ሄዱ። እውነትም አመጡ። ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ውለዋል።

«ከሦስት መቶ ዓመት ወዲህ ነው ጽሑፍ ላይ የሚገኘው» አሉት። «ድንገት ነው ከዚሁ ከለንደን መንገደኛ አፍ ብቅ ያለው። የዚያን ዘመን የተከበሩ ጸሐፊዎች፣ ከጠባብ ሰፈር የወጣ የባለጌ ቃል ነው ብለው ተጸይፈውታል። እሱ ግን ቀስ እያለ የጌቶች ሳሎን ገባ።»

«ከዚያ በፊትስ? አባቱ ማነው?»

«አይታወቅም ፐርሲ። ብዙ ሰው ገምቷል፤ ያረጋገጠ የለም። ሊቃውንቱ 'መነሻው አይታወቅም' ብለው ነው የተዉት።»

ፐርሲ በእጁ የያዘውን ሽንኩርት ያገላብጥ ጀመር። እሱን ሕፃን ሆኖ በቅርጫት ውስጥ ያገኙት አንድ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው። ብራምዌል የሚለው ስም ያነሣው ፖሊስ ስም ነው። የሕፃናት ማሳደጊያው ወረቀት ላይ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው «ወላጆቹ አይታወቁም» የሚል ነበር፤ አንድ ቀን እየሳቀ አሳይቶኛል። እና ያን ዓርብ ሽንኩርቱን አስቀመጠና «በሉ እንግዲህ፣ ዘመዴን አገኘሁ» አለ። ዳድሊ ቢላዋውን አላነሣም።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቃል ነገረኛ ሆነ። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «አንተስ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ይለዋል። መልሱን በሽንኩርት ከረጢት ላይ ጽፎ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ዳድሊ «ከሆላንድ መርከበኞች ነው፣ ከዓሣ ጋር ስለመጣ ነው የሚሸተው» አለ። አበባ ሻጯ ኩዊኒ «አማቴ ናት የፈጠረችው፣ ፊርማዋን አውቀዋለሁ» አለች። እኔ ደግሞ «የዶሮዎቼ ወሬ ነው፤ ሲጥሉ ምን የሚሉ ይመስልሃል?» አልኩት። ሁሉንም ጻፈው።

ትርጉሙንም ሚስ ላቬል አነበቡለት፤ በበጎ ልብ ማፌዝ ማለት ነው። ፐርሲ አልተዋጠለትም።

«መምህርት፣ ይህን የጻፈው ሰውዬ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። በጎ ልብማ ማንም አለኝ ይላል። ዋናው ነገር ለሚመልስ ሰው መወርወሩ ነው። ኳስ ነው። መመለስ ለማይችል ሰው ከወረወሩበት ግን ድንጋይ ነው።»

ሚስ ላቬል ቦርሳቸውን ከፍተው ይህን በማስታወሻ ያዙ። እኔ አልጻፍኩትም፤ ሳልጽፈውም አልጠፋኝ አለ።

ያጠፋሁበት ያ ቀን መጋቢት ውስጥ የዋለ ቅዳሜ ነው። የፐርሲ ሰፈር ሊፈርስ ነበር። ለነዋሪው ማዘጋጃ ቤት አዲስ ቤት እየሰጠ መሆኑን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ያን ጧት ፐርሲ ሲመጣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ንጹሕ ኮሌታ አድርጓል። ድንቹን አወረደ፣ ሽንኩርቱን ደረደረ። አልጮኸም። «ዛሬስ አታገቢኝም?» አላለም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ታሟል እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ጣውላውን ዞሮ ወደኔ መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ስንጎራበት ወደኔ በኩል ዞሮ መጥቶ አያውቅም። ፊቴ ቆመ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዛት።

መንገዱን አየሁ። እውነቴን ነው፣ ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። ሬሳ የለም።

«ሂልዳ» አለኝ። እመቤቲቱ አላለኝም። በሌላኛው እጁ ቁልፍ ይዟል። «ቤቱን ሰጡኝ። ሁለት ክፍል ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ወንዙ ይታያል።»

«እና?»

«እናማ… ለአንድ ሰው ይበዛል።»

የኩዊኒ መቀስ ቆመ። ዳድሊ ዓሣ በአንድ እጁ ቢላዋ በአንድ እጁ እንደያዘ ቀረ። ቅርጫት የያዘች ደንበኛዬ እንኳ እንቁላሏን ረስታ አፏን ከፍታ ታየናለች። የፐርሲ መላጣ አናት በጧቱ ብርሃን ያብለጨልጫል፤ ከጆሮው በላይ የቆቧ ጠርዝ ምልክት ክብ ሠርቶበታል። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። እሺ ማለት ፈለግሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ደርሷል። ግን ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ በሰው ፊት ልቤን አውጥቼ አሳይቼ አላውቅም። ሮን ሲሞት እንኳ ቤቴን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ አፌ ከኔ ይቀድማል።

«ቆብህን አድርግ ፐርሲ። እዚህ ገበያ እንቁላል የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ኩዊኒ ባልዲዋ ላይ ተደፋች። ዳድሊ ምን ያድርግ፣ እጁ ለምዷል፣ ቢላዋውን ገልብጦ ይመታ ጀመር። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ላይ ፐርሲ አፉን ከፈተ። እኔ በልቤ «በል፣ የሆነ ነገር በል፣ አንዲት ቃል ብቻ መልስ፣ ከዚያ እኔም…» እላለሁ። አራት። አምስት። ፐርሲ አፉን ዘጋ።

የቆቧን ውስጥ አየት አደረገና ደፋት። ከዚያ ወደ ሚስስ ቶድ ሄደ።

ከወትሮው ትንሽ ቆየ። ሲመለስ ሻዩን በእጄ አቀበለኝ። ሁለት ስኳር፣ እንደምወደው። «ትኩስ ነው፣ ተጠንቀቂ» አለኝና ወደ መደቡ ተመልሶ ለአንዲት ሴትዮ ሽንኩርት መመዘን ጀመረ። ዳድሊ «የዓመቱ ምርጥ!» እያለ ይጮሃል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ጠጣሁት።

ሰኞ ጧት ፐርሲ እንደ ድሮው ነበር። ስለ ዶሮዎቼ ዕድሜ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ ሻይ አመጣ። ማክሰኞም እንደዚያው። ግን «ዛሬስ አታገቢኝም?» የሚለውን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁትም። መጀመሪያ እስከ ዓርብ ጠበቅሁ። ከዚያ እስከ ፋሲካ። «ዛሬ ንጹሕ ኮሌታ የለም?» እያልኩ መንገድ ልከፍትለት ሞከርኩ፤ «ለድንች?» ይለኛል፣ በቃ። አኩርፎ አይደለም፤ ፐርሲ ማኩረፍ አያውቅም። አንዴ ከልቡ ጠይቋል፣ ተመልሶለታል። ሰው ያከብር ነበር።

እኔስ ለምን አልጠየቅኩትም? ጣውላውን መዞር ሦስት እርምጃ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት እርምጃ አቃተኝ። ነገ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ዝናቡ ሲያባራ እያልኩ። ኩራት ነው ብዬ ራሴን አሞግስ ነበር። ኩራት ነው የሚሉት ፈሪዎች ናቸው።

ያ ሙቀት የጸናበት፣ ዝናብ የጠፋበት በጋ ሲመጣ፣ ፐርሲ የድንች ጆንያ ሲያነሣ ወደቀ። ስትሮክ ግራ ጎኑን በሙሉ መታው። አምቡላንስ ሲወስደው ቆቡ ድንቹ መካከል ቀርታ አገኘኋት። የሆስፒታሉ ነርስ የሌሊት ልብሱን እንዳመጣለት ስለላከችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ቤት ገባሁ። ሁለት ክፍል ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ወንዙ ይታያል። መስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር ተቀምጧል። የአንዱ መቀመጫ ተፍቆ ጎድጉዷል። ሌላኛው ከሱቅ እንደመጣ ነው። የሌሊት ልብሱን ደረቴ ላይ ይዤ አዲሱ ወንበር ፊት ቆሜ አለቀስኩ። አልተቀመጥኩበትም። አልደፈርኩም።

በማግስቱ በጠያቂ ሰዓት ሄድኩ። ትራስ ላይ ከፍ አድርገውታል። ቆብ የለም። ግማሽ ፊቱ ወርዷል፤ ነርሷ «ይሰማል፣ ግን ቃል አይወጣለትም» አለችኝ። አጠገቡ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ያዩናል። ይዩ አልኩ። ወንበሩን አስጠጋሁ።

«ፐርሲ፣ ያን ቅዳሜ ቀልድ አልመሰለኝም። ቆብህን እንዳወለቅህ አይቻለሁ። ገብቶኛል። ፈርቼ ነው። መልሱ እሺ ነው። ያኔም እሺ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ደኅናው እጁ ከአንሶላው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አናቱ ላይ ደረሰና መላጣውን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ከፊቱ ያልወደቀችው ግማሽ ተንቀሳቀሰች።

«እን… ቁላል» አለ።

መለሰልኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የራሴን ኳስ መለሰልኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ወጣ። የምመልሰው ፈለግሁ። ሠላሳ ዓመት ለዚህ ሰው መልስ አጥቼ የማላውቅ ሴት የምለው ጠፋኝ። የዳድሊ ቢላዋ ጆሮዬ ውስጥ አምስት ጊዜ መታ። ፐርሲም ሰማው መሰለኝ፤ በደኅናዎቹ ጣቶቹ አየር ላይ ስኳር አማሰለ።

እጁን ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ። ልብ ያላት ሴት እንደዚያ ታደርግ ነበር። እኔ ግን የዚያ ገበያ ሴት ነኝ፤ ሕጉም የኛው ነው፤ እሱም ጠየቀ። «ሦስት ስኳር፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያልኩ ተነሣሁ። ሻይ የሚገኘው ሁለት ፎቅ ወርዶ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ሰልፍ አለ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ኬክ ትመርጣለች፤ አሳላፊዋን ይኼኛው ምን አለበት፣ ያኛው ምን አለበት እያለች። ቅድሚያ ስጪኝ ማለት አፈርኩ። አሁንም አፈርኩ፣ አስቡት።

ስመለስ ዓይኑ ተከድኗል። ነርሷ «አሁን ነው ያሸለበው፣ አይቀስቅሱት» አለችኝ። የጠያቂ ሰዓት ማብቂያ ደወል እስኪደወል ሻዩን በእጄ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አልነቃም። በማግስቱም አልነቃም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የሬሳው መኪና በገበያው ጫፍ ሲያልፍ ረድፉ በሙሉ ቆቡን አወለቀ። ዳድሊ፣ ያ ያረጀ አንደበተኛ፣ ቢላዋውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። ሚስ ላቬል በከዘራ መጥተው አጠገቤ ቆሙና «መነሻው አሁንም አልተገኘም» አሉኝ፤ የዚያን ቃል ምንጭ ፈልገው ሊነግሩት ቃል ገብተውለት ነበር።

እኔ ያመጣሁለትን ሻይ ፐርሲ አልጠጣም። እኔ ግን ያን ቅዳሜ እሱ ያመጣልኝን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጥቼዋለሁ። ጣፋጭ ነበር።